የጋሽ ዲሽ ሰማይ

ሬሳው ጣሪያ ላይ ነው ብለው ሲነግሯት ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሟቹ አልነበረም።

«በምንድን ነው የሚወጣው?»

«ፎቁ እንኳ ሁለት ብቻ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ከዚያ በኋላ ግን የብረት መሰላል አለ።»

«መሰላል! ጉልበቴን እያወቁ ሰው ሁሉ የሚሞተው ሰማይ ጥግ ነው።»

አትፍረዱባት። ሰው ፊት ከማልቀስ ሰው ፊት መነጫነጭ ይሻላል ብላ ከወሰነች የቆየች ሴት ናት። መሰላሉን እያቃሰተች ወጣች፤ ላይ ደርሳ ሬሳውን ስታይ ግን ማቃሰቱን ተወችው።

ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው። መሐሉ ላይ ዲሹ ቆሟል። ዛሬ በየሰገነቱ ተለጥፎ የምናየው ትሪ የሚያክል እንዳይመስላችሁ! የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚባለው ነገር ገና ተአምር በነበረበት ዘመን የተተከለ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ አንድ ክፍል ሊሞላ የሚችል ግዙፍ ነገር ነው። አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተንጋልሏል። እግሩ ሥር ሽማግሌው በጎናቸው ወድቀዋል፤ አንደኛው ጫማቸው ወልቋል።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጋሽ ዲሽ በሚል ስም ነው። የመጀመሪያዋን የሳተላይት ሪሲቨር ወደዚያ መንደር ያመጡ እሳቸው ናቸው። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናቸው ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ዜና አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉም የየራሱን ትንሽ ዲሽ ሰቀለና ረሳቸው። ስሙ ብቻ ቀረላቸው።

«አንድ ምት ነው፤ ጆሮ ግንዳቸው ላይ» አለ ሐኪሙ። «ከባድ ብረት ነገር ነው። ብዙም አልተሰቃዩ።»

«የመታቸው ነገር የታለ?»

«የለም» አለ ሃምሳ አለቃው። «ጣሪያውን ጥርግ አድርጌ ፈትሻለሁ። ይዞት ሄዷል።»

ኢንስፔክተሯ ዙሪያውን አየች። ዲሹን የሚገፋው የሞተር ዘንግ ከዲሹ ተላቆ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ዲሹ ራሱ በወፍራም ሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል። አሮጌ ነገር መቼም በሽቦና በሰንሰለት ነው ዕድሜው የሚቀጥለው ብላ እንዳላየ አለፈችው። በኋላ በዚህ ራሷን ስትረግም ኖራለች።

ታች ሳሎን ውስጥ የሟቹ ልጅ ቁጭ ብላለች። ፀጉሯ የሸበተ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ሳታገባ አባቷን ስትጦር የኖረች። ፖሊሶቹ ሲገቡ ብድግ ብላ ሻይ ልታፈላ ነበር፤ ኢንስፔክተሯ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት።

«መድኃኒቱን ላመጣለት ፋርማሲ ሄጄ ነበር» አለች ልጅቷ። «ስመለስ ቤት ውስጥ የለም። ብጠራው ዝም አለኝ። ጣሪያ ላይ ወጣሁ... በቃ።»

ከቴሌቪዥኑ በታች ያለው መደርደሪያ ባዶ ነው፤ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል።

«እዚህ ምን ነበረ?»

«ሪሲቨሩ። ዲሽ ሠሪው ወስዶታል።»

በዚህ መሐል ንፋስ መስኮቱን ሲያንቀጫቅጨው ልጅቷ ድንገት ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ከዚያ መልሳ አንገቷን ደፋች። ሐዘንተኛ የት እንደሚያይ ማን ያውቃል?

ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ግን የምትለው ሞልቷታል። «ያ ሌባ ነው! ሪሲቨሩን በብብቱ አድርጎ ደረጃውን ሲንደረደር በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ደግሞ ድሮ የታሰረ ነው፤ ዲሽ ሊሰቅል የገባበትን ቤት መዝረፉን ማን ያጣዋል?»

ሃምሳ አለቃው ኢንስፔክተሯን በደስታ አያት። ነገሩ ያለቀለት መስሎታል።

ዲሽ ሠሪውን ከሱቁ አምጥተውታል። ሪሲቨሩ ጠረጴዛው ላይ ነበረ፤ በመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ክንድ የሚያህል የብረት መፍቻ ተገኝቷል። የጣቢያው አዛዥ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

«ነገ ከሥራ መውጫ በፊት ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል» አላት። «ሌላ ሰው ካለሽ እስከዚያ አምጪልኝ። ከሌለሽ አታድክሚኝ።»

ዲሽ ሠሪው ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ ብሏል።

«ለምን ሮጥክ?» አለችው።

«አልሮጥኩም እትዬ። ሸሸሁ።»

«ልዩነቱን እስቲ ንገረኝ።»

«ከዓይናቸው ነው የሸሸሁት።» እጁን እያፍተለተለ ቆየ። «ያ ሪሲቨር ምንም አልሆነም። ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ደህና ነው። ግን የድሮውን ሥርጭት ብቻ ነው የሚያነበው። ሳተላይቱ ላይ ያለው ጣቢያ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ዲጂታል ሄደ። የመጨረሻው ሰሞኑን ተዘጋ። እሳቸው ያን አይሰሙም። ‹ታሟል፣ አድንልኝ› አሉኝ። ምን ልበል? ዕድሜዎን ሙሉ ያፈጠጡበት ሰማይ ባዶ ሆኗል ልበላቸው? ‹እሺ ጋሽዬ፣ ወስጄ ልየው› ብዬ ነቅዬው ወረድኩ።»

«ከዚያስ ምን ልታደርገው ነበር?»

«አቧራውን አራግፌ ልመልሰው። ‹ትንሽ ይረፍ› ልላቸው። እኔ እንጃ! እውነቱን ልጅቷ ትንገራቸው ብዬ በዋዜማው ለምኛታለሁ። ከኔ አፍ ከሚሰሙት ከልጃቸው አፍ ይሻላል ብዬ።»

«ጣሪያ ላይ ወጥተሃል?»

«እግሬ አልረገጠውም። መፍቻው የሥራዬ ነው፤ መርምሩት። እትዬ፣ እኔ ያኔ ሰርቄያለሁ፤ ታስሬያለሁ፤ አልክድም። ሚስቴ ስታገባኝ ‹አንዴ እንኳ እስር ቤት ብትመለስ ስንቅ አላመላልስም› ብላ ምላ ነው። ዛሬ ስትይዙኝ በር ላይ ቆማ አየችኝ። አንድ ቃል አልወጣትም።»

ኢንስፔክተሯ ብዙ ውሸታም አይታለች። ይኼኛው ሲዋሽ ጎበዝ አይመስልም። ግን «አይመስልም» ብሎ አዛዡ ፊት መቅረብ ሞኝህን ፈልግ መባል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የሟቹን ታናሽ ልጅ ፍለጋ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ሌላም ወሬ ነበራት። አባትና ልጅ በዲሹ ምክንያት ደህና አድርገው ተጣልተዋል። ልጁ ሊያገባ ነው፤ ዲሹን ነቅሎ ጣሪያው ላይ ክፍል መሥራት ፈልጓል።

ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ሥር ወጣ፤ እጁ በግራሶ ተለውሷል። ዓይኖቹ አብጠዋል።

«አዎ ተጣልተናል» አለ። «‹እኔ ስሞት ንቀለው› አለኝ። ይኸው ሞተ። ደስ ያለኝ ይመስላችኋል?»

«ትናንት ረፋዱ ላይ የት ነበርክ?»

«ድልድዩ ላይ። ሞተር ነክሶብኝ ተሳፋሪ ሁሉ እናቴን ሲሰድብ ነበር። ትራፊኩ ራሱ መንገድ ዘጋህ ብሎ አንቋሽሾኛል። ጠይቁት።»

ሃምሳ አለቃው ዘወር ብሎ ደወለ። ተመልሶ መጥቶ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው። የነበራቸው ሌላ ሰውም በነነ። ኢንስፔክተሯ ጎማው ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አሸች።

«ለመሆኑ አባትህ በዚያ ዲሽ ምን ነበር የሚያዩት?»

ሾፌሩ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ወንድሜን ነዋ!»

«ቴሌቪዥን ላይ ይሠራል?»

«እኔ እንጃ። ማንም አያውቅም። ታላቃችን ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ሄደ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አባባ ያኔ ዲሹን እያዞረ ጥሬ ምስል ማደን ይወድ ነበር። አታውቁትም መቼም፤ ጋዜጠኛው ዜና ሳይጀምር ካሜራ ፊት ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ፣ ክራቫቱን ሲያስተካክል፣ ያ ሁሉ ወደ ጣቢያው በሳተላይት ይላካል። ለሕዝብ የታሰበ አይደለም። ግን ያኔ የሚቆልፈው ስላልነበረ ትልቅ ዲሽ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። አንድ ቀን ከጋዜጠኛው ጀርባ ኬብል እየጠቀለለ የሚያልፍ ሰው ታየ። ብልጭ ብሎ ጠፋ። አባባ ‹ልጄ!› ብሎ ጮኸ።»

«እውነት እሱ ነበር?»

«እህቴ አብራው ነበረች። እሱ ነው አለች። እኔ...» ግራሶውን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ ተኝቼ ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ተኝቼ! ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ዲሹን ከአንዱ ሳተላይት ወደ አንዱ እያዞረ ያን ሰው መፈለግ ሆነ ሥራው። እኛ ፊቱ ቆመን አያየንም። እህቴ ምግቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጣለት ትሄዳለች፤ ማን እንዳስቀመጠለት እንኳ ቀና ብሎ አላየም። እኔማ ኋላ ላይ ቅዠት ነው ብዬ ተውኩት።»

«ከባድ ነው።»

«ከሁሉም የሚከብደው ንፋሱ ነበር» አለ፤ አሁን ትንሽ ፈገግ ብሏል። «ዲሹ ዘንበል ብሎ እያለ ንፋስ ከመጣ ሸራ ሆኖ ይገነጠላል። መብራት ደግሞ ይጠፋል፤ ሞተሩ አይሠራም። እና ምሳ ላይ እንሁን፣ ጥናት ላይ እንሁን፣ ‹ዲሹን!› ይላል። እየተሽቀዳደምን ጣሪያ ላይ ነን። ዘንጉን መፍታት፣ ዲሹን ወደ ሰማይ ማቅናት፣ ሰንሰለቷን መንጠቆዋ ላይ መጣል። የረሳ እራት የለውም። ያምናሉ? እስከ ዛሬ መሪ ይዤ ንፋስ ከሰማሁ እጄ ሰንሰለቷን ይፈልጋል።»

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ማሸቷን አቆመች።

«ሰንሰለቷን» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ፣ ለንፋስ ቀን ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ግቢው ውስጥ ነጭ አንሶላ እያሰጣች አገኟት። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነው፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ እንኳ ፀሐይ አገኘሁ» አለች። «ያ ዲሽ ወደዚህ ካዘነበለ እኮ ጥላው ገመዴ ላይ ነው የሚጋደመው። ስንት ዓመት ተነዛንዘናል።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ጠዋት ጥላ ነበር። የደንበኛዬ መጋረጃ አልደርቅ ብሎ የእግር እሳት ሆኖብኝ ነበር።»

«ዲሽ ሠሪው ሲወጣ ጥላው ነበር?»

ሴትዮዋ የአንሶላውን ጫፍ ይዛ አሰበች። «እሱ ከወጣ በኋላ ነው እኮ ቀና ብዬ የጮኽኩት! ‹ጋሽ ዲሽ፣ ፀሐዬን ይመልሱልኝ!› ብዬ። መልስ የለም። ተናድጄ ገብቼ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ፤ የሱ ድምፅ ደግሞ ሌላ አያሰማም። ከዚያ ንፋሱ ሲነሳ ልብሱን ልሰበስብ ብወጣ ገመዱ በሙሉ ፀሐይ ነው። ሰሙኝ ብዬ እንኳ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብያለሁ።» አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ለካ ያኔ...»

«እግዜር ይስጥልኝ ያልሽው ለማን እንደሆነ አሁን ነው የምናጣራው» አለች ኢንስፔክተሯ።

መሰላሉን ዛሬ ሳታቃስት ወጣች።

«አስብ እስቲ» አለችው ሃምሳ አለቃውን። «ሞተሩን የሚያዘው ማነው?»

«ሪሲቨሩ።»

«ሪሲቨሩ ደግሞ በዲሽ ሠሪው ብብት ውስጥ ሆኖ ሄዷል። ዲሹ ግን እንዳዘነበለ ነበር። እኛ ስንመጣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዘንጉ ተፈቷል፤ ሰንሰለቷ ተቆልፋለች። ማን አደረገው?»

«ሽማግሌው ራሳቸው ይሆናሉ። ከዚያ ነው የተመቱት።»

«ሰንሰለቷን ንቀላት።»

ሃምሳ አለቃው ሰንሰለቷን ሲነቅል ዲሹ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ዘንበል ማለት ጀመረ። «ያዘው!» ብላ ጮኸች። ዘዴውን አያውቀውምና ሁለት እጁን ሰጥቶም አቃተው፤ እሷም ዘላ ከላይ በኩል ባትይዝለት ኖሮ ድፍት ይልበት ነበር። እየተንገዳገዱ ቀስ አድርገው አወረዱት። ቆሞ ሳለ ከሰው ቁመት በላይ የነበረው የብረት ጠርዝ ወርዶ ከሃምሳ አለቃው ጆሮ አጠገብ ቆመ።

ጠርዙ ላይ የደረቀ ደም አለ። ደሙ ላይ ሁለት ሽበት ተለጥፏል።

ሃምሳ አለቃው ፊቱ ጠቆረ። «መፍቻውን ላቦራቶሪ ልኬ!»

«ይመልሱልሃል።»

«ታዲያ... መትቷቸው ሲያበቃ ተመልሶ ቆመ?»

«ራሱ አልቆመም። የሞተ ሰው ደግሞ ተነስቶ አያቆመውም። ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው አነሳው፤ አቀናው፤ ሰንሰለቷን ጣለ።»

«ኢንስፔክተር፣ ሰው የገደለ ሰው እግሬ አውጪኝ ይላል እንጂ ዲሽ ያቆማል?»

«ንፋስ ነበረ» አለች። ድምፅዋ ደስ አላለውም፤ ጉዳይ የፈታ ሰው ድምፅ አይደለም። «እዚህ ቤት ያደገ ሰው ንፋስ ከሰማ ሌላ ነገር አይሰማም። ከቤቱ ልጆች አንደኛው ድልድይ ላይ ቆሞ ሲሰደብ ነበር። አንደኛው የት እንደሆነ አይታወቅም። ማን ቀረ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ መሰላሉ ሄደች።

ልጅቷ ሳሎኑ ውስጥ ያው ቦታዋ ላይ ናት። ጥቁር ለብሳለች። የአባቷን ወልቆ የቀረ ጫማ ጠርጋ ከጓደኛው ጎን አስቀምጣዋለች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የኔ እህት፣ ፋርማሲውን ጠይቀናል፤ መድኃኒቱን የወሰድሽው ከትናንት በስቲያ ነው አሉን።»

ልጅቷ ጫማውን ትንሽ ወደ ጓደኛው አስጠጋችው።

«ሰንሰለቷን አይቻታለሁ።»

«ሰንሰለቷን?» ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች፤ ሲገባት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ቆልፌያታለሁ እንዴ?»

«ቆልፈሻታል።»

«አላስታውስም» አለች። «እውነቴን ነው። እሱን አላስታውስም። ሌላውን ሁሉ ግን አስታውሳለሁ።»

ከዚያ ሳያቋርጧት ተናገረች።

«ዲሽ ሠሪው ሪሲቨሩን ይዞ ሲሄድ አባዬ ‹እስኪመለስ ዲሹን እናዘጋጀው› አለኝ። ጫፍ ላይ ያለው ሳተላይት አለ፤ መሬት ሊነካ የቀረበው። እዚያ ላይ አነጣጥረን እንጠብቅ አለ። ሞተሩ ስለማይሠራ ዘንጉን ፈታው። እሱ ከታች ይስባል፤ እኔ ከላይ ይዤ አስታግሳለሁ። ሁሌ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ‹ትንሽ ዝቅ... ትንሽ ዝቅ...› ይለኛል። ፊቱ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር! ዲሽ ሠሪው በዋዜማው ‹ንገሪው› ብሎኛል። እኔም እስከ መቼ ብዬ... ‹አባዬ፣ ሰማዩ ላይ ምንም የለም› አልኩት። ‹እሱ አለ› አለኝ። ‹አንቺስ አይተሽው የለ?› አለኝ።»

«አይተሽዋል?»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ አልነበረም። በደንብ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ነው፤ አፍንጫው ሳይቀር ሌላ ነው። ግን አባዬ ዘሎ ተነስቶ አቀፈኝ። አቅፎኝ አያውቅም። ‹አየሽው? እሱ አይደል? እሱ አይደል?› አለኝ። እኔም አዎ አባዬ፣ እሱ ነው አልኩት። ምን ላድርግ? ነገ ይረሳዋል ብዬ። ነገ ይረሳዋል ብዬ ነበር እኮ!»

ኢንስፔክተሯ ቴሌቪዥኑን ላለማየት መስኮቱን አየች።

«ትናንት ይህን ነገርሽው።»

«ነገርኩት። ‹ያ ሰው እሱ አልነበረም፤ ያኔ ዋሽቼህ ነው› አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ዲሹን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ ‹እንግዲህ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ ማለት ነው?› አለኝ። ስድብ አልነበረም። ሐኪም ክፉ ወሬ የነገረው ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀኝ።»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ።

«ከዚያ እጄ ባዶ ነበረ» አለች ልጅቷ። «ለቀቅኩት ይሁን አመለጠኝ እናንተ ንገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ነው ያደርኩት፤ መልሱን አላውቀውም።»

«ሐኪም አልጠራሽም።»

«ሞቶ ነበር። ይሁን እንጂ መጀመሪያ...» ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። «መጀመሪያ ዲሹን አነሳሁት። አይደል? እሱን ከማየቴ በፊት! ንፋስ ነበረ። ‹ዲሹን!› ያለኝ ነው የመሰለኝ። የአባቴ ነፍስ ስትወጣ እኔ ዲሽ ሳቆም ነበርኩ።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ዘርግታ የልጅቷን እጅ ያዘች። ሥራዋ አልነበረም፤ ግን ያዘችው። ቆይታ ቆይታ የቀረውን ጥያቄ ጠየቀች፤ መጠየቅ ነበረባት።

«ዲሽ ሠሪውን እንደያዝነው ሰምተሻል። ዝም አልሽ።»

«ምንም ስላላደረገ ትፈቱታላችሁ ብዬ ነበር።» ዓይኗን ሰበረች። «አይ። ይህንን እንኳ በእጄ ላይ አላላክከውም። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ደረጃውን ሲወርዱ ንፋስ ተነሳ። ልጅቷ ቆመች።

«ዲሹን ዝቅ እንዳለ ትታችሁት ነው?»

«ኤግዚቢት ነው፤ እንደዚያው ይቆያል» አለ ሃምሳ አለቃው።

ልጅቷ አንድ እግሯን ወደ ላይኛው ደረጃ መልሳ ነበር። ኢንስፔክተሯ ክንዷን ይዛ ወደ ታች አዞረቻት።

አዛዡ ፋይሉን ከሥራ መውጫ በፊት አገኘ፤ በሌላ ሰው ስም። «ጎበዝ» አላት። ኢንስፔክተሯ የእስር ቤቱን ቁልፍ ይዛ ወጣች።

ዲሽ ሠሪውን ራሷ ፈታችው። ቀበቶውንና የጫማ ክሩን ሲመልሱለት ፊቱ በርቶ ነበር። «ይኸው አልኳችሁ! ሚስቴ ፊት አብረውኝ ይቁሙልኝ እትዬ፤ እርስዎን ታምናለች። ግን ማነው? ያዛችሁት?»

ብትዋሸው በወደደች። ግን ሰፈሩ እስከ ማታ ይሰማዋል።

«ልጃቸው ናት። እውነቱን ነገረቻቸው። ከዚያ ዲሹ ከእጇ ወጣ።»

ሰውዬው የጫማ ክሩን እንደያዘ ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ከልጃቸው አፍ ይሻላል ብዬ...»

«ሂድ ቤትህ። ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

በሩ ክፍት ነው። እሱ ግን ክሩን በጫማው ቀዳዳ ለመክተት እየሞከረ፣ እያቃተው፣ እዚያው ቆየ።

ከቀብሩ በኋላ ሾፌሩ ጣቢያው ድረስ መጣ። ከስቷል። እህቱን ጠይቆ መውጣቱ ነበር፤ ኢንስፔክተሯን በር ላይ ሲያገኛት መንገዷን ዘግቶ ቆመ። ሊሰድባት ነው ብላ ተዘጋጀች፤ አልከፋትም።

«እህቴ አታናግረኝም» አለ። «ታለቅሳለች ብቻ። ለእርስዎ ሁሉን ተናግራለች አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት።»

«ጠይቀኝ።»

«ያኔ በቴሌቪዥን የታየው ሰው... እሱ ነበር አይደል? ወንድሜ? ቅዠት ነው እያልኩ ስንት ዘመን አባባን ስቀልድበት። አሁን አባባ የለም፣ እህቴ የለችም። የቀረኝ ሰው ካለ ልወቅ ብዬ ነው። አይታው ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ዕድሜዋን ሙሉ እውነት ስትመነጭቅ የኖረች ሴት ናት። ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ለማን እንደቀረበና መልሱ ምን እንዳበቀለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አፏን ስትከፍት እውነቱን ልትነግረው ነበር። ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«አዎ» አለች። «እሱ ነበር።»

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሳማት። ከዚያ ለመሄድ ዞር ብሎ እንደገና ተመለሰ።

«እንግዲያው ዲሹን አልነቅለውም» አለ። «ሪሲቨሩ መቼ ነው የሚመለስልን?»